የተሰጠ ኩላሊት ስንት ዓመት ይሠራል?

ታካሚው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጣ ኮሪደር ላይ የሚጠብቁት ዘመዶች ያላቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ተሳካ?» ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። በሕይወት ካለ ለጋሽ የተወሰደ ኩላሊት የደም ሥሮቹ ተሰፍተው ደም ሲለቀቅበት፣ ነጥቶ የነበረው መልኩ ይቀላል፤ ብዙ ሳይቆይም ታካሚው ገና ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሳለ ሽንት ማውጣት ይጀምራል። ደሙ በማሽን እየታጠበለት ለኖረ ሰውና ለቤተሰቡ ከዚህ የሚበልጥ ምሥራች የለም። በጥሩ ማዕከላት ከሚተከሉ 100 ኩላሊቶች ከ90 በላይ የሚሆኑት ዓመት ሲሞላቸውም ይሠራሉ።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ነው፤ አምስተኛው፣ አሥረኛው፣ ሃያኛው ዓመት። በአሜሪካ የተሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው በ1990ዎቹ ማብቂያ ከሟች ሰው ተወስደው ከተተከሉት ኩላሊቶች ግማሾቹ በ8 ዓመት ገደማ ውስጥ ሥራ ያቆሙ ነበር፤ አንድም ኩላሊቱ ሰንፎ፣ አንድም ተቀባዩ ሞቶ። ዛሬ ያ ዕድሜ ወደ 12 ዓመት ተጠግቷል። በሕይወት ካለ ለጋሽ የተወሰደው ደግሞ ከ12 ዓመት ወደ 19 ዓመት ገደማ አድጓል። ይህ አማካይ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1973 አንዲት የ57 ዓመት እናት ለልጇ የሰጠችው ኩላሊት 50 ዓመት አልፎትም ይሠራ ነበር፤ ኩላሊቱ ራሱ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖት ማለት ነው። በሌላ በኩል በሦስተኛው ዓመት ወደ እጥበት የሚመለሱ አሉ። ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው ምንድን ነው? ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ከቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው። እኔ ደግሞ የመልሱ ትልቁ ክፍል ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ወራትና ከዚያ በኋላ ባሉት ተራ ቀናት ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ኩላሊቱ የት እንደሚቀመጥ እንወቅ። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ በቦታው የሚገባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አሮጌዎቹ ኩላሊቶች አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ ባሉበት ይተዋሉ። አዲሱ ከሆድ በታች በአንዱ ጎን፣ ከብሽሽት ከፍ ብሎ ይቀመጥና ወደ እግር ከሚወርዱት ትልልቅ የደም ሥሮች ጋር ይገጠማል፤ የሽንት ቧንቧው ከፊኛ ጋር ይሰፋል። የደም ሥር ይገጠማል እንጂ ነርቭ አይገጠምም። ስለዚህ የሰውነት መከላከያ ኩላሊቱን ሲያጠቃው ብዙውን ጊዜ ሕመም የለም። ታካሚው ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል፤ ኩላሊቱ ግን እየተጎዳ ነው። ይህን የሚናገረው የደም ምርመራ ነው። ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ክሬቲኒን የተባለ ቆሻሻ ከ1.0 ወደ 1.4 ሲወጣ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ክሬቲኒን በእጥፍ ጨመረ ማለት የማጣራት ኃይሉ በግማሽ ገደማ ወረደ ማለት ስለሆነ፣ ያቺ «ትንሽ» ጭማሪ ሩብ ያህሉን ኃይል ይዛ ሄዳ ሊሆን ይችላል። «ደህና ነኝ፣ ምን ያመላልሰኛል» ብሎ ክትትል ማቆም አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ኩላሊቱን የሚያጠፋው ግን የመከላከያው ጥቃት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በቦስተን፣ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ነው። ዶክተር ጆሴፍ መሬይ ከሮናልድ ሄሪክ የተወሰደውን ኩላሊት ለመንትያ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉለት። አንድ ዓይነት መንትዮች ስለነበሩ የሪቻርድ ሰውነት የወንድሙን ኩላሊት እንደ ባዕድ አላየውም፤ የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝብ መድኃኒትም አላስፈለገም። መሬይ በ1990 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ታሪኩ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለእኛ የሚጠቅመን ግን ቀጣዩ ነው። ሪቻርድ ከ8 ዓመት በላይ ኖሮ በ1963 አረፈ። የመጀመሪያ ኩላሊቶቹን ያጠፋው በሽታ ተመልሶ በወንድሙ ኩላሊት ላይ ወጣበት። ከዚያ የተሻለ ስምምነት ያለው ኩላሊት በዓለም ሊገኝ አይችልም ነበር፤ ግን የበሽታው ምንጭ ሰውነቱ ውስጥ ነበር። ለጋሹ ሮናልድ በአንድ ኩላሊት እስከ 2010 ኖሮ በ79 ዓመቱ ነው ያረፈው።

አንዳንድ የኩላሊት በሽታዎች፣ በተለይ የኩላሊትን ጥቃቅን ማጣሪያዎች የሚያጠቁት፣ ዛሬም እንዲሁ ይመለሳሉ። ስለሆነም ንቅለ ተከላ የሚያስብ ሰው የመጀመሪያ ኩላሊቱን ምን እንዳጠፋው ማወቅ ይጠቅመዋል። አሳዛኙ ነገር በአገራችን ብዙ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ኩላሊቶቹ ተሸብሽበው ካለቁ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ናሙና ቢወሰድ እንኳ የሚታየው ጠባሳ ብቻ ነው። ደም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው በየዓመቱ ሽንቱንና ክሬቲኒኑን ቢያስመረምር ጥቅሙ ኩላሊቱ እንዳይጠፋ ብቻ አይደለም፤ ቢጠፋ እንኳ ምን እንዳጠፋው የሚናገር መዝገብ ይኖረዋል።

ወደ ስምምነት እንምጣ። «ወንድሜ ነው፣ ደማችን አንድ ነው» ይባላል። የደም ዓይነት መግጠም አስፈላጊ ነው፤ ግን በነጭ የደም ሕዋሳትና በሌሎች ሕዋሳት ላይ ያሉ ኤችኤልኤ የሚባሉ መለያዎችም አሉ። ከእናትና ከአባት ግማሽ ግማሹን ስለምንወርስ፣ አንድ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ፈጽሞ አለመመሳሰሉም እንዲሁ ከአራት አንድ። ካለመመሳሰል በላይ የሚያስፈራው ግን የለጋሹን ሕዋሳት ሊያጠቃ በተቀባዩ ደም ውስጥ አስቀድሞ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህን በማያሻማ መንገድ ያሳዩት ፖል ቴራሳኪ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሌሎች ጃፓናውያን አሜሪካውያን ጋር በካምፕ ታጉረው ያደጉ ልጅ፣ በኋላ በሎስ አንጀለስ ይህን መስክ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆኑ። በ1969 ከባልደረባቸው ከፓቴል ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ የተቀባዩ ደም በለጋሹ ሕዋሳት ላይ ጥቃት ካሳየባቸው 30 ንቅለ ተከላዎች 24ቱ ወዲያው ከሽፈዋል። ጥቃት ካልታየባቸው 195 መካከል ግን የከሸፉት 8 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ይህ ክሮስማች የሚባለው ምርመራ ሳይደረግ ኩላሊት መትከል የማይታሰብ ሆነ።

ይህ ፀረ እንግዳ አካል ከየት ይመጣል? ሦስት በሮች አሉት፤ ቀደም ያለ ንቅለ ተከላ፣ እርግዝናና ደም መውሰድ። እናት በማሕፀኗ የያዘችው ልጅ ግማሹ የአባቱ ስለሆነ፣ ሰውነቷ የባሏን መለያዎች የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ሊሠራ ይችላል። ባል ለሚስቱ ኩላሊት ሊሰጥ ሲነሣ ሐኪሞቹ ስንት ጊዜ እንዳረገዘች፣ ያስወረዳትም እንደሆነ የሚጠይቁት ለዚህ ነው እንጂ ገመናዋን ሊያወጡ አይደለም። ደም መውሰድን በተመለከተ ደግሞ፣ የኩላሊት ሕመምተኛ ደሙ ስለሚያንስ ኤሪትሮፖይቲን የተባለው መርፌ ያስፈልገዋል። መርፌው ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ደም ይሰጠዋል። ያ ደም ለዛሬው ድካም መፍትሔ ሆኖ ለነገው ኩላሊት እንቅፋት ሊሆን ይችላል። ንቅለ ተከላ ተስፋ የሚያደርግ ሰው «ደም ሳልወስድ መቆየት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ መብቱ ነው።

ቴራሳኪና ባልደረቦቻቸው በ1995 ያሳተሙት ሌላ ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። ከባል ወይም ከሚስት የተሰጡ ኩላሊቶች በሦስተኛው ዓመት 85 በመቶው ይሠሩ ነበር። ከወላጅ የተሰጡት 82 በመቶ፣ ከሟች የተወሰዱት 70 በመቶ ናቸው። ባልና ሚስት በሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ በኤችኤልኤ የመመሳሰል ዕድላቸው ዝቅተኛ ነው። እንዲህም ሆኖ የሚስት ኩላሊት ከእናት ኩላሊት አላነሰም። ምክንያቱ ከጤነኛ ሰው፣ በታቀደ ቀን፣ ያለ ደም ለአጭር ጊዜ ብቻ ቆይቶ የተተከለ መሆኑ ነው። ከሟች የሚወሰደው በሞቱ ሂደት ውስጥ ይጎዳል፤ በበረዶ ተይዞ ለሰዓታት ይጓዛል። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ከተተከለ በኋላ ለመንቃት ይዘገያል።

እግረ መንገዴን በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቼ የሚሆን አንድ ነገር ላንሣ። የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ አፖኤል1 የተባለ ዘረ መል ሁለት ዓይነት ለውጦች ይታዩበታል፤ ለውጡን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ለጋሽ ኩላሊት ቶሎ የመድከም አዝማሚያ አለው። በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያውያን ላይ እነዚህ ለውጦች አልተገኙም። የአሜሪካው የኩላሊት መመዘኛ ቀመር ግን ለዓመታት ለጋሹን «ጥቁር» በሚል አንድ ቃል ብቻ ይመዝን ስለነበር፣ የጎንደሬውንም የወለዬውንም ኩላሊት ሳይለይ ዝቅ ያደርግ ነበር። የቆዳ ቀለም ከቀመሩ የወጣው በ2024 ነው። ዘግይቷል፤ ግን ትክክለኛ እርምጃ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ሌላው ትልቅ ነገር የእጥበት ዘመን ርዝማኔ ነው። በ2002 ማየር ክሪሼና ካፕላን ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት፣ በሕይወት ካለ ለጋሽ ኩላሊት ካገኙት መካከል እጥበት ሳይጀምሩ የተተከለላቸው 75 በመቶዎቹ ከ10 ዓመት በኋላ ኩላሊታቸው ይሠራ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ሲታጠቡ በቆዩት ላይ ግን ይህ ወደ 49 በመቶ ወርዷል። ከአንድ ሟች የተወሰዱ ሁለት ኩላሊቶችን፣ አንዱን ጥቂት ለታጠበ፣ ሌላውን ብዙ ለታጠበ ሰው የተሰጡትን፣ ጎን ለጎን ሲያነጻጽሩም ልዩነቱ ያው ሆኖ ተገኝቷል። ማሽኑ ሕይወት ያቆያል፤ ነገር ግን ኩላሊት ቀን ከሌት የሚሠራውን በሳምንት ጥቂት ሰዓታት ብቻ ይሠራል። በመሃል ልብና የደም ሥር ይጎዳሉ። በእኛ አገር ደግሞ በሳምንት ሦስቴ መታጠብ ያለበት ሰው አቅም አጥቶ ሁለቴ ሲታጠብ ማየት የተለመደ ነው። ለጋሽ ያለው ቤተሰብ «ትንሽ በማሽን ይቆይና እናያለን» የሚለውን ምክር እንዲመረምር የምለው ለዚህ ነው፤ መጠበቅ ራሱ ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ክኒኑ። የተተከለለት ሰው ኩላሊቱ እስካለ ድረስ መድኃኒት ይወስዳል፤ በብዛት ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። ታክሮሊመስ በ1984 በጃፓን ከጹኩባ ተራራ አካባቢ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘ ነው፤ ከእርሱ በፊት ዘመኑን የለወጠው ሳይክሎስፖሪን ደግሞ ከኖርዌይ አፈር ከመጣ ፈንገስ። ታክሮሊመስ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲያንስም ሲበዛም ያበላሻል። ካነሰ ሰውነት ኩላሊቱን ያጠቃል፤ ከበዛ ራሱ ኩላሊቱን ይመርዛል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ስኳር ያመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው።

ስለዚህ የታካሚው ቀን በሰዓት ይመራል። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። የምርመራ ቀን ጠዋት ክኒኑን አይውጥም፤ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይይዘውና ላብራቶሪ ይሄዳል። የሚለካው መድኃኒቱ በደም ውስጥ ዝቅ ያለበት ሰዓት ስለሆነ፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው እዚያው በያዛት ውኃ የሚውጠው። አስቀድሞ ውጦ ከሄደ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ሐኪሙ «በዝቷል» ብሎ ይቀንስለታል፤ ኩላሊቱም ያለ ጠባቂ ይቀራል። ስለ ሰዓቱ ሳይናገር ውጤቱን ብቻ የሚያሳይ ታካሚ ሐኪሙን ሳያውቅ ያሳስተዋል። የሚጾም ሰውም ሰዓቱን በራሱ ከመለወጡ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ሌሎች መድኃኒቶችም ይህን ሚዛን ያናጋሉ። በአገራችን ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ሪፋምፒሲን ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ነው፤ የታክሮሊመስን መጠን በኃይል ያወርዳል። የነቀርሳ ሕክምና የሚሰጠው ባለሙያ ታካሚው ኩላሊት የተተከለለት መሆኑን ካላወቀ፣ ነቀርሳው እየዳነ ኩላሊቱ ሊሞት ይችላል። በተቃራኒው ፍሉኮናዞልና ክላሪትሮማይሲን መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ከባድ ተቅማጥም እንዲሁ። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ በቀጥታ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ለወገብ ሕመም ብሎ በየቀኑ ዳይክሎፌናክ የሚውጥ የተተከለለት ሰው የወንድሙን ስጦታ በገዛ እጁ እያደከመ ነው። ምንነታቸው ያልታወቀ የባህል መድኃኒቶችንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከሚጠፉት ኩላሊቶች ብዙዎቹ የሚጠፉት ዘግይቶ በተፈጠረ ፀረ እንግዳ አካል ነው። እርሱን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኛው ክኒን መዝለል ነው። ከፍተኛው አደጋ ያለው በ17 እና በ24 ዓመት መካከል ባሉ ወጣቶች ላይ ነው። በመድኃኒቱ ምክንያት ፊታቸው አብጦ፣ ብጉር ወርሷቸው፣ ከጓደኞቻቸው መለየት ሰልችቷቸው ያቋርጣሉ። መቆጣት የሚጠቅም አይመስለኝም። ወጣቱ መድኃኒቱን እንዲዘል የሚያደርገውን ነገር በግልጽ የሚጠይቅ፣ ፊት ማበጡን እንደ ቀላል ነገር የማያይ ሐኪምና ወላጅ ነው የሚጠቅመው።

ሌላው ሰው ደግሞ የሚዘለው ስላጣ ነው። በዚህ ረገድ ሀብታሟ አሜሪካ ራሷ የሠራችው ስሕተት ያስተምራል። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን የንቅለ ተከላውን ወጪ ሸፍኖ፣ ከ65 ዓመት በታች ለሆኑትና ሌላ የአካል ጉዳት ለሌለባቸው የመድኃኒቱን ወጪ የሚከፍለው ለ36 ወራት ብቻ ነበር። በአራተኛው ዓመት መግዛት ያቃተው ሰው ኩላሊቱን ያጣና ሜዲኬር በእጅጉ የሚወደደውን እጥበት ይከፍልለታል። ይህ የተስተካከለው በ2020 በወጣ ሕግ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ነው። እዚያ ያለ፣ ሌላ የጤና መድን የሌለው የተተከለለት ሰው ይህን ሽፋን ይጠይቅ።

መከላከያውን ማለዘብ ደግሞ ለሌላ ጠላት በር ይከፍታል። ቢኬ የተባለው ቫይረስ በብዙዎቻችን ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ይነሣና የተተከለውን ኩላሊት ያጠቃል። በምግብ የሚገባ ተሕዋስም እንዲሁ ስለሚያሰጋ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ለተተከለለት ሰው አይሆኑም። በበዓል ቀን ይህን አልበላም ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጋባዡ «አንድ ጉርሻ ምን ይላል» ባይለው ግን ብዙ ይረዳዋል።

በመጨረሻ ኩላሊታቸው እየሠራ የሚሞቱ አሉ፤ ከዓመት በኋላ ከሚጠፉት ኩላሊቶች ትልቅ ድርሻ ያላቸው እነርሱ ናቸው። ልብ፣ ኢንፌክሽንና ካንሰር ይወስዷቸዋል። ስለዚህ የደም ግፊቱን ከ130 በ80 በታች ለማድረግ መጣር፣ ሲጋራ መተው፣ ጨው መቀነስና ስኳር መመርመር የኩላሊቱ ሕክምና አካል ናቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ የተደረገው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። የለገሱት በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። ከዚያ በፊት ምርጫው ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች መሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚታየው የእርዳታ ጥሪም አልቆመም። ለጋስነቱ ልብ ይሞላል። ነገር ግን ጥሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የቀዶ ሕክምናውንና የጉዞውን ወጪ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለወንድማችሁ፣ ለእህታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ ገንዘብ የምታሰባስቡ ሁሉ፣ የክኒኑንና የደም ምርመራውን የጥቂት ዓመታት ወጪ በመጀመሪያው ጥሪ ውስጥ ጨምሩት። ከመሄዳችሁ በፊት ታካሚው ሲመለስ የሚከታተለው ሐኪም ማን እንደሆነና የታክሮሊመስ መጠን የት እንደሚለካ እወቁ። ከሆስፒታሉ ስትወጡ የክሮስማቹን ውጤት፣ የኤችኤልኤውን ወረቀትና የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ሙሉ ግልባጭ ተቀብላችሁ ኑ።